ልጅ እናቷን ወደ አሜሪካ ስትጠራ

በማስተምርበት ጣቢያ ማታ ማታ ከሚማሩት መካከል አንዲት እናት አሉ። ሃምሳን ያለፉ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ከእኛ ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት ቀበሌ ሲጠሩ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። አንድ ማታ ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እርሳቸው ቀሩ። ከመቀነታቸው ውስጥ ሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጡና፣

«አንዱን እኔው አንብቤዋለሁ፤ የልጄ ነው። ይኸኛው ግን የፈረንጅ ፊደል ሆነና አቃተኝ። እስቲ እየው» አሉኝ።

ያነበቡት ደብዳቤ አሜሪካ የምትኖረው የመጀመሪያ ልጃቸው የላከችው ነው። በዲቪ ዕጣ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። «እማዬ፣ ዜግነት አግኝቻለሁ። ፕሮሰስሽን ጀምሬልሻለሁ፤ አይዞሽ፣ ልንገናኝ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወረቀት ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያስገባችው ማመልከቻ ግልባጭ ነበር። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። የሚጠራው ሰው በሚለው ሥር የተጻፈው የእናትየው ስም ብቻ ነው።

«የልጆቹስ?» አሉኝ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በቤታቸው ሁለት ልጆች አሉ። አንደኛው የ13 ዓመት ወንድ ልጃቸው ነው። ሁለተኛዋ የሟች እኅታቸው ልጅ ናት። ከጡት ሳትለይ ጀምረው ያሳደጓት፣ እርሳቸውንም «እማ» ብላ የምትጠራ የ17 ዓመት ልጅ ናት። የልጁን ስም ታች «የተጠሪዋ ልጆች» ከሚለው ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። የልጅቷ ግን የትም የለም። የልጁም ቢሆን የተጻፈው ለመግለጫ ያህል ነው። ስሙ ስለተጻፈ ቪዛ ተጠየቀለት ማለት አይደለም።

ይህን ትምህርት የጻፍኩት በእርሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው በየቀበሌው አለ። በገበያና በልቅሶ ቤት ስለ ጉዳዩ ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ግን ብዙው የተሳሳተ ነው። በተሳሳተ ወሬ ደግሞ በሬ የሸጠ ሰው አለ።

ማን ማንን መጥራት ይችላል?

እኛ ዘመድ ስንል ብዙ ሰው ማለታችን ነው። አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ሁሉም ዘመድ ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን ጠባብ ነው። የዛሬው አሠራር መሠረት የተጣለው በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጠሪው ማን ነው? ሁለተኛ፣ ተጠሪው ለጠሪው ምኑ ነው?

ጠሪው ዜጋ ከሆነ ባሉን ወይም ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ እንዲሁም ራሱ 21 ዓመት ከሞላው አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙንና እኅቱን መጥራት ይችላል። ዜጋ ያልሆነና በግሪን ካርድ፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው ግን መጥራት የሚችለው የትዳር ጓደኛውንና ያላገቡ ልጆቹን ብቻ ነው። እናቱን እንኳ አይችልም። ስለዚህ ልጅ አሜሪካ በገባ በማግስቱ «ለምን አልጠራኸኝም?» ብሎ መቀየም አይገባም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ለመጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መኖር አለበት። አጎት፣ አክስት፣ አያትና የአጎት ልጅ በማናቸውም መንገድ በዚህ ሕግ አይጠሩም። እንጀራ ልጅ ግን ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ እንደ ልጅ ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ወረፋውም አንድ ዓይነት አይደለም። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ፣ እንዲሁም እናትና አባት በቁጥር አይገደቡም። ወረቀታቸው ተመርምሮ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ እንጂ ተራ አይጠብቁም። ለወንድምና ለእኅት ግን በዓመት የተመደበው ቪዛ ለዓለም ሁሉ 65,000 ብቻ ነው፤ የወንድም ሚስትና ልጆችም የሚቆጠሩት ከዚሁ ውስጥ ነው። የሚጠይቀው ሰው ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ተራ የደረሳቸው በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተመለከተላቸው ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ነው። ያን ጊዜ የተተከለ ባሕር ዛፍ ዛሬ ለቤት ምሰሶ ሆኗል።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። ዜጋ የሆነ ሰው እናቱን ሲጠራ ቪዛው ለእርሷ ብቻ ነው። ከእርሷ ሥር ያለ ትንሽ ልጅ ተከትሎ አይሄድም። ወንድም ሲጠራ ግን፣ ተራው ሲደርስ፣ ሚስቱና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቹ አብረውት ይሄዳሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኔም ሕጉን ሳነብ በትክክል ያነበብኩ አልመሰለኝምና ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

ለልጁ ያለው መንገድ ሁለት ነው። እኅቱ እንደ ወንድም ልታመለክትለት ትችላለች፤ ይህ ከላይ የተናገርነው ረጅም ወረፋ ነው። ወይም እናቱ ቀድመው ሄደው፣ ግሪን ካርዱን ሲይዙ ራሳቸው ያመለክቱለታል። ይህ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል፤ ቢሆንም ዓመታት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ልጁ ማግባት የለበትም። እናትየውም እንዳሻቸው እየተመላለሱ ሊያዩት አይችሉም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ መኖሪያ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

የእኅታቸው ልጅ ነገር የባሰ ነው። በአገራችን ያሳደገ ወላጅ ነው። በዚያ ሕግ ግን የሌላ ሰው ልጅ እንደ ልጅ የሚቆጠረው በሕግ በጉዲፈቻ የተያዘ እንደሆነ ነው። ጉዲፈቻውም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የጸደቀ መሆን አለበት፤ አሳዳጊውም ልጁን በኃላፊነት ይዞ ሁለት ዓመት አብሮ መኖር አለበት። ይቺ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ሕፃን ሳለች ፍርድ ቤት ሄዶ ወረቀት ማስጻፍ ለማንም አልታሰበም። ለምንስ ይታሰብ? የእኅት ልጅ ማሳደግ ወረቀት አይጠይቅም ነበር።

ስለ ደላላው

እናትየው ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት በወረዳው ከተማ ያለ አንድ ደላላ ዘንድ ሄደው ነበር። ደላላው፣ «ችግር የለም፤ ልጅቷንም እንደ ልጅዎ አስመዘግብልዎታለሁ። ሦስታችሁም ትሄዳላችሁ» ብሎ የሁለት በሬ ዋጋ ጠየቃቸው።

ይህን ነገር በደንብ እንመርምረው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ልጅቷ እውነተኛ ልጃቸው ብትሆን እንኳ በእናቷ ቪዛ አትሄድም። የገዛ ልጃቸው አይሄድምና። ስለዚህ ደላላው የሸጠላቸው በዓለም የሌለ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ኤምባሲው ዝምድናውን ከተጠራጠረ የዲኤንኤ ምርመራ እንዲደረግ ሊጠይቅ ይችላል። ምርመራው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ነገር የሚደረግ ሲሆን፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል። ወጪውም የቤተሰቡ ነው። የእኅት ልጅና የገዛ ልጅ በዚህ ምርመራ አይምታቱም። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ቪዛ ለማግኘት ብሎ ዋና ነገር አውቆ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን አሜሪካ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ልጅቷን ለመውሰድ የተዋሸው ውሸት እናትየውንም ያስቀራል ማለት ነው።

ደላላው ከተያዘ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ቢሮ ይከፍታል። በፎርሙ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእርሱ አይደለም።

በገንዘቡም በኩል ለማን ምን እንደሚከፈል ማወቅ ይጠቅማል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ተመን ለማመልከቻው በወረቀት ሲሆን 675 ዶላር፣ በኮምፒዩተር ሲሆን 625 ዶላር ይከፈላል። ከዚያ የቪዛው 325 ዶላር፣ የዋስትናው ወረቀት መመርመሪያ 120 ዶላር ነበር። ይህን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ጠሪው ነው፤ የሚከፍለውም ለአሜሪካ መንግሥት ነው። የሐኪም ምርመራ፣ የፓስፖርትና የትርጉም ወጪ ለብቻ ነው። ለደላላ ተብሎ የተቀመጠ ተመን የትም የለም። ተመኑም ሆነ ደንቡ ይለዋወጣል። የአሜሪካ መንግሥት የአንዳንድ አገሮችን ሰዎች ቪዛ ያገደበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ የዕለቱን ሁኔታ ከኤምባሲው ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ራሱ መጠየቅ ነው።

ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

«ስፖንሰር» የሚባለው ቃል በእኛ አነጋገር ዋስ ማለት ነው። ዋስ ምን እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። የብድር ዋስ የሆነ ሰው ተበዳሪው ሲጠፋ የሚያዘው እርሱ ነው። የአሜሪካውም እንደዚሁ ነው። ልጅቷ እናቷ መንግሥት ላይ እንዳትወድቅ ራሷ እንደምትረዳት በጽሑፍ ትፈርማለች። ገቢዋም መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት መለኪያ ከ100 እጅ 125 እጅ መድረስ አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. ይህ ሁለት ሰው ላለበት ቤት በዓመት 26,437 ዶላር ነበር። ባልና ልጆች ካሏት እነርሱም ስለሚቆጠሩ መጠኑ ከፍ ይላል። ካልሞላላት ሌላ ሰው አብሯት ዋስ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዋስትና በአንድና በሁለት ዓመት አይወርድም። የተጠራው ሰው ዜጋ እስኪሆን፣ ወይም አሥር ዓመት ያህል ሥራው እስኪቆጠርለት፣ ወይም ጨርሶ አገሩን ለቆ እስኪወጣ፣ ወይም እስኪሞት ይቆያል። ባል ለሚስቱ ፈርሞ ቢፋቱ እንኳ ዋስትናው አይፈርስም። እናትየው ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ለእኔ ብላ ዕዳ ገባች በለኛ» አሉ። ዕዳ ነው ማለት ይቻላል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ «ገቢዬ አልሞላም፤ ትንሽ ጠብቁኝ» ሲል ጨክኖ ላይሆን ይችላል።

ስምና ቀን

አሁን በእኛ እጅ ወዳለው ሥራ እንምጣ። ማመልከቻው የሚሞላው አሜሪካ ቢሆንም ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ነው። የሚበላሸውም በስምና በቀን ነው።

ልጅ እናቷን ስትጠራ ዋናው ማስረጃ የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእናቷ ስም አለበትና። ነገር ግን በገጠራችን አንዲት ሴት ስንት ስም አላት? አባቷ ያወጣላት ስም አላት። የክርስትና ስም አላት። አግብታ ስትመጣ አማቷ የሚያወጡላት ስም አለ። ሰፈሩ የሚያውቃት ብዙ ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ነው። የእኚህ እናት መታወቂያ በአባታቸው ቤት ስም የተጻፈ ነው። በልጅቷ የልደት ወረቀት ላይ ያለው ግን አማታቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ኤምባሲ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ሴት ናት የሚያየው። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማውጣት ያስፈልጋል። ጊዜ ሳለ ማውጣት ነው፤ ቀጠሮ ደርሶ አይደለም።

በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍም ችግር አለ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፤ ሌላው በ«ኤስ»። ሁለቱም ይነበባል፤ ግን ፓስፖርቱ በአንዱ፣ የልደት ወረቀቱ በሌላው ከሆነ ጥያቄ ያስነሳል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና በሁሉም ወረቀት ላይ እሱኑ አስጽፉ። ጸሐፊው ሲጽፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ማየት ነውር አይደለም፤ ስሙ የእናንተ ነው።

የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደም ሰው ዛሬ ተመዝግቦ ማውጣት ይችላል። የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ ልጅ ገንዘብ የላከችበት የባንክ ደረሰኝም ዝምድናን ለማስረዳት ይረዳሉና አትጣሉ። እኚህ እናት የባንክ ደረሰኙን ሁሉ ቅቤ ማስቀመጫ ቅል አጠገብ በላስቲክ ቋጥረው አኑረዋል። ጥቂቱን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው ግን ይበቃል።

የቀን ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ ይበልጣል። ከመስከረም 1 ጀምሮ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7 ዓመት እንደምራለን። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት እንደምራለን። የፈረንጅ አዲስ ዓመት የሚገባው በታኅሣሥ 23፣ አንዳንዴም በ22 ስለሆነ ነው።

«ልጁ መቼ ተወለደ?» ብዬ እናትየውን ጠየቅኋቸው።

«በኅዳር ሚካኤል። ሕዝቡ ከንግሥ ሲመለስ ነው የወለድኩት» አሉ። ዓመቱም 2005 ነው።

ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ከታኅሣሥ 22 በፊት ስለሆነ 2005 ላይ 7 ስንደምር 2012 ይሆናል። ቀኑም በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2012 ነው። ማመልከቻው ላይ ግን የተጻፈው 2013 ነበር። ልጅቷ 8 ደምራ ነው የተሳሳተችው። ይህን ያገኙት እናትየው ናቸው። እኔ ቀኑን አንብቤ ልለፈው ስል፣ «ቆይ፤ ስንት አልክ?» ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

አንድ ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም። የልጁ የክርስትና ወረቀት አንድ ዓመት፣ ማመልከቻው ሌላ ዓመት የሚል ከሆነ፣ ኋላ እናቱ ሲጠሩት «ይህ ያኛው ልጅ ነው ወይ?» ይባላል። በዚያ ላይ የልጅ ጉዳይ ሁሉ የሚቆጠረው ከ21 ዓመት ወዲህና ወዲያ ነው። ስሕተቱ ቀድሞ ከታወቀ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ ማረም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?

ማመልከቻው ሲጸድቅ የቪዛ ጉዳይ ወደሚያሰባስብ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። እዚያ ክፍያው፣ የዋስትናው ወረቀትና ከእኛ የሚላኩት ማስረጃዎች ይጠናቀቃሉ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ይተረጎማል። ከዚያ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይሰጣል። ከቀጠሮው በፊት ኤምባሲው በሚያውቃቸው ሐኪሞች መመርመር፣ የደረት ራጅ መነሳትና ክትባት መውሰድ አለ። በቀጠሮው ቀን የሚጠየቀው ስለ ቤተሰቡ ነው፤ ልጅሽ የት ትኖራለች፣ ስንት ልጅ አለሽ፣ የመሳሰለው። እንግሊዝኛ አለማወቅ አያስከለክልም። የማያውቁትን «አላውቅም» ማለትም አያስከለክልም።

ቪዛው ፓስፖርት ላይ ተለጥፎ በእጅ ሳይያዝ በሬ አይሸጥም። ቤትም አይፈርስም። መሬቱንም ለረጅም ዘመን ማከራየት አይገባም። ቀጠሮ ተሰጠ ማለት ቪዛ ተሰጠ ማለት አይደለምና። «ሊሄዱ ነው» የሚል ወሬ ሲሰማ አበዳሪም፣ ተበዳሪም፣ አማላጅም ይበዛል። እናትየው ለጎረቤት ገና አልተናገሩም፤ እኔም የት ቀበሌ እንደሆኑ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።

ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ጠየቁኝ። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ልጅም አላሳደግሁም። ሕጉን አነበብኩላቸው እንጂ ይህንን ልመልስላቸው አልቻልኩም።

ለልጃቸው መልስ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ማታ ፈጀባቸው። እኔ ያረምኩት ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ሲፈቅዱልኝ እነሆ ገለበጥኩት፦

«ልጄ ሆይ፣ ወረቀቱ ደረሰኝ። የወንድምሽ ልደት በፈረንጅ 2012 ነው፤ 2013 አይደለም፤ አስተካክዪ። እኔን ብቻ እንደጠራሽ ተረድቻለሁ። ሕጉ ነው አሉኝ፤ አልተቀየምኩሽም። የእኅቴን ልጅ እንደ ልጄ አድርገን እንጻፍ ያለኝን ሰው አልሰማሁትም። እርሷ አሥረኛ ክፍል ናት። እኔ ብመጣ ሁለቱ ከማን ጋር እንደሚሆኑ አስቢና ጻፊልኝ። ወይም አንቺ መጥተሽ እንነጋገር። እናትሽ። ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው።»

መልመጃ፦ የራሳችሁን ስም ከነአባትና ከነአያት በደብተራችሁ ጻፉ፤ በመታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቀጥሎ የልጆቻችሁን ልደት ቀን፣ ወርና ዓመት ጻፉና በፈረንጅ ዓመት ስንት እንደሚሆን አስሉ። በጥር 21 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ስንት ይደመርለታል? በጥቅምት 5 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደውስ?